ሳል ይዞ ጸሎት

ጠዋት ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዙሬ «አባታችን ሆይ» ስል በራሴ ላይ የታዘብሁት ነገር አለ። እስከ ዕለት እንጀራው ድረስ ቃሉ በእርጋታ ይወጣል። የይቅርታው ልመና ጋ ስደርስ ግን ምላሴ ቁልቁለት እንዳገኘች በቅሎ ይንደረደራል። ለምን እንደምቸኩል የገባኝ ከአንድ የቅርብ ዘመዴ ጋር በውርስ ቤት ሰበብ ከተኳረፍን በኋላ ነው። አንድ ሌሊት 41 ፍሬ ያላትን መቁጠሪያዬን ይዤ «ኪርያላይሶን» እያልሁ ሳለ፣ ገና ግማሽ ሳልደርስ ራሴን ሽማግሌዎች ፊት ቆሜ አገኘሁት። ያን ቀን አፌ ላይ አልመጣ ያለኝን መልስ አሁን አሳምሬ እየመለስሁ ነበር። ጣቴ ፍሬ ይቆጥራል፤ ልቤ በደል ይቆጥራል። ሁለቱም ሳይሳሳቱ ጨረሱ።

አበው ይህን ነገር በስድስት ቃል ጨርሰውታል፦ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት»። ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የምንጠቅሰው ግን ብዙ ጊዜ ለሌላ ሰው ነው። ለራስ ሲጠቅሱት እንግዳ ይሆናል። ጸሎተኛን ከሌባ ጋር ምን አገናኘው? ሌባ ያላስቀመጠውን ሊያነሣ የገባ ሰው ነው። ባለቂሙም ለወንድሙ የነፈገውን ምሕረት ለራሱ ሊያነሣ በጨለማ ገብቷል። መሀል ቤት ሲደርስ ሳሉ አጋለጠው። ሳል ደግሞ አመሉ ይታወቃል፤ ዋጥ ባደረጉት ቁጥር ይብሳል። ቂምም እንዲሁ ነው። «ከዛሬ ጀምሮ ትቼዋለሁ» ተብሎ ይታደራል፤ በማግሥቱ ያ ሰው ታክሲ ሰልፍ ላይ ሲታይ ጉሮሮ ይከረክራል።

ጥያቄዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሳል የያዘው ሌባ ምን ያድርግ ቢባል መልሱ ቀላል ነው፤ ቤቱ ይተኛ። ቂም የያዘውስ? እሱም ከጸሎት ይቅር? እንዲህ ብለው የቀሩ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። «ልቤ ንጹሕ ሳይሆን ምን ብዬ እቆማለሁ» ይላሉ። ቅዳሴው ይቀርባቸዋል፤ ቁርባኑ ይቀርባቸዋል፤ ቂሙ ግን አይቀርላቸውም።

ወንጌልም ያገዛቸው ይመስላል። በማቴዎስ ምዕራፍ 5 ላይ መባ ይዞ የመጣ ሰው ስጦታውን በመሠዊያው ፊት ትቶ፣ ሄዶ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ ታዟል። ይሁን እንጂ ቃሉን በዝግታ ያነበበ ሰው ሁለት ነገር ያገኛል። አንደኛ፣ ሰውዬው ጠቡን ያስታወሰው እቤቱ ተቀምጦ አይደለም፤ መሠዊያው ዘንድ ደርሶ ነው። ባይመጣ ኖሮ ትዝም አይለው ነበር። ሁለተኛ፣ ትዝ ያለው እሱ በወንድሙ ላይ የያዘው አይደለም፤ ወንድሙ በእሱ ላይ የያዘው ነው። መባ ሊያቀርብ የመጣ ሰው የበደለውን አስታወሰ። ስለዚህ «ሂድ» ከመባሉ በፊት መምጣቱ ግድ ነበር።

እስቲ ቃሉን ራሱን እንመልከተው። «ይቅርታ» ከ«ቀረ» የወጣ ነው። «ቀረ» ስንል ወደ ኋላ ተተወ፣ አብሮን አልመጣም ማለታችን ነው። ግእዙ ለዚሁ የሚጠቀምበት «ኀደገ»ም ተወ፣ ለቀቀ ማለት ነው። እንግዲህ «ይቅር» ያለ ሰው «አልሆነም» አላለም፤ «ረሳሁት»ም አላለም። የሆነው ሆኗል፤ ከዚህ ወዲያ ግን ከእኔ ጋር መንገድ አይቀጥልም፣ እዚሁ ይቅር ነው ያለው። ሸክሙን ያወረደ መንገደኛ ሸክሙ ምን ያህል ይከብድ እንደነበር አይረሳም። ትከሻው ላይ ምልክቱ አለ።

ይህን ልዩነት አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል፤ በይቅርታ ስም ብዙ ግፍ ተሸፍኗልና። ባሏ የሚደበድባት ሴት ሸሽታ ወደ ቤተሰቦቿ ስትመጣ፣ «ክርስቲያን አይደለሽም እንዴ? ይቅር በይውና ግቢ» ተብላ ስትመለስ ያላየ ማን አለ? እዚህ ላይ ሁለት ቃላት ተደባልቀዋል፤ ይቅርታና ዕርቅ። ይቅርታን ብቻዋን በጓዳዋ፣ በራሷ ጊዜ ልታደርገው ትችላለች፤ አድርጊ ብሎ የሚያስገድዳት ግን ሊኖር አይገባም። ዕርቅ ሁለት ወገን፣ ሽማግሌ፣ ካሳና ዋስ ይፈልጋል። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ቀን የቀማውን አራት እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ ተናግሯል፤ «ይቅር በሉኝ» ብሎ ብቻ ገበታ አልቀረበም። ያቺ ሴት ይቅር ብላም በሩን መዝጋት ትችላለች።

ዕርቅ በተራው የልብን ነገር ላይጠይቅ ይችላል። በ1870 ዓ.ም. የሸዋው ምኒልክ ልቼ ላይ ወደ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የቀረቡት እንደ ጥንቱ ሥርዓት በአንገታቸው ድንጋይ ተሸክመው እንደነበር ይነገራል። ንጉሠ ነገሥቱ ይቅር አሉ፤ ግብር ተወሰነ፤ ምኒልክም የንጉሠ ነገሥትነቱን ስም ትተው የሸዋ ንጉሥ ተባሉ። ያ ዕርቅ ጦርነት አስቀርቷል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ድንጋዩ ከአንገት ሲወርድ ከሁለቱ ልብ ምን እንደወረደና ምን እንደቀረ ግን የሽምግልናው ጉዳይ አልነበረም። ያን የሚጠይቅ ሌላ ችሎት ነው፤ ሰው ብቻውን ሲቆም የሚያስችለው።

በዚያ ችሎትም ቢሆን ማጭበርበር አለ። «እግዜር ይይልህ» የሚለውን አነጋገር ውሰዱ። ላይ ላዩን ጸሎት ነው፤ የፈጣሪ ስም አለበት፤ ዓይን ወደ ሰማይ ይቀናል። ውስጡ ጦር ነው። «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ»ም ሁለት ፊት አለው። አንዱ ሲለው እውነትም ፍርዱን ከእጁ አውጥቶ አስረክቧል። ሌላው ሲለው ከራሱ የበረታ ጉልበተኛ ቀጥሯል፤ የባላጋራው ልጅ ፈተና ሲወድቅ «አያችሁ!» ይላል። ሁለቱን ሰዎች በቃላቸው መለየት አይቻልም። የሚለዩት ያ የበደላቸው ሰው እንደተመቸው በሰሙ ጊዜ ነው። እኔ የቱ እንደሆንሁ ያወቅሁት ዘመዴ መኪና መግዛቱን የሰማሁ ዕለት ነው።

ታዲያ ይህን ሳል ምን ያሽረዋል? ወደዚያ ወደምቸኩልበት ስፍራ ልመለስ። በዚያ ጸሎት ውስጥ ጸሎተኛው የራሱን ሥራ የሚያነሣው በይቅርታው ልመና ላይ ብቻ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ጌታ ጸሎቱን አስተምሮ ከጨረሰ በኋላ ተመልሶ ያብራራውም ይህንኑ ነው። እኛም «እንደምንል» እንላለን። አስፈሪ ናት፣ ይህቺ «እንደ»። እህል የሚሸምት ሰው የራሱን ጣሳ አውጥቶ «በዚህ ስፈርልኝ» እንደ ማለት ነው፤ ጣሳው የተጨረመተ መሆኑን እያወቀ። በግእዙ እዚያ ቦታ የቆመው ቃል «ከመ» ነው፤ «ከመ» ደግሞ እንደ አገባቡ «እንደ»ም «ዘንድ»ም ይሆናል። ትርጓሜውን ለመምህራኑ ትቼ፣ እኔ በጠዋት ጸሎቴ ሁለቱንም አብሬ መስማት ለምጃለሁ፦ ይቅር እንደምንል፣ ይቅር እንልም ዘንድ። በመጀመሪያው ጣሳዬን አቀርባለሁ። በሁለተኛው ጣሳዬ እንዲቃናልኝ እለምናለሁ።

ጣሳ የሚቃናው ምን ያህል እንደተሰፈረለት ሲያይ ነው። ጴጥሮስ «ስንት ጊዜ ይቅር ልበል» ብሎ ሲጠይቅ ጌታ በአንድ ባለዕዳ ታሪክ መልሶለታል። እልፍ መክሊት የተተወለት አገልጋይ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አነቀ። ዲናር የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነበር፤ አንድ መክሊት ደግሞ 6,000 ዲናር ያህላል። እልፍ መክሊት እንግዲህ 60,000,000 የሥራ ቀን ነው፤ ከ160,000 ዓመት በላይ ያለ ዕረፍት መሥራት ማለት ነው። ሒሳቡን በወረቀት ስሠራው ይበልጥ የያዘኝ ትንሹ ቁጥር ነው። መቶ ዲናር ከ3 ወር በላይ ልፋት ነው። ጌታ የወንድምን በደል «ምንም አይደል» ብሎ አላቃለለውም፤ የ3 ወር ደመወዝ አድርጎ ቆጠረው። የእኔም የውርስ ድርሻ እውነተኛ ገንዘብ ነው። ይቅር የሚባለው እውነተኛ ዕዳ ነው፤ ያልነበረ ዕዳማ ምኑ ይቀራል?

ሌብነትን ካነሣን አይቀር፣ አንድ ሽፍታ ላስታውስ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ በአስቄጥስ የኖሩት፣ ቤተ ክርስቲያናችን ሰኔ 24 የምታስባቸው አባ ሙሴ ጸሊም፣ ከመመንኮሳቸው በፊት የሽፍቶች አለቃ ነበሩ። አንድ ቀን መነኮሳቱ በአንድ ጥፋተኛ ወንድም ላይ ሊፈርዱ ተሰብስበው አስጠሯቸው። እሳቸውም የሚያፈስ ዕቃ ውሃ ሞልተው፣ ተሸክመው መጡ። «አባ፣ ይህ ምንድን ነው?» ቢሏቸው፣ የገዛ ኃጢአታቸው ከኋላቸው እየተንጠባጠበ ሳያዩት በሌላው ሊፈርዱ መምጣታቸውን ነገሯቸው። መነኮሳቱም ያን ወንድም ይቅር አሉት። በሌሊት የሄደ ሰው ዱካ ምን እንደሚያደርግበት ከአባ ሙሴ በላይ የሚያውቅ በዚያ ጉባኤ አልነበረም። ሌባ የነበሩት እሳቸው ሳላቸውን ሳያፍኑ በሰው ሁሉ ፊት ሳሉ።

ተረቱ እንግዲህ በሽታውን በትክክል አግኝቶታል፤ የማልስማማው በቤቱ ላይ ነው። ሳል የሚያጋልጠው በሰው ቤት ነው። ልጅ ሳለሁ ሌሊት ሳል ሲነሣብኝ እናቴን እንዳልቀሰቅስ ብርድ ልብሱን አፌ ላይ ጠቅጥቄ ላፍነው እሞክር ነበር። ሁልጊዜም ትነሣለች። በጨለማ እየዳሰሰች ኩራዙን ትለኩሳለች፤ ጦስኝ አፍልታ፣ ማር ጨምራ ትሰጠኛለች። አንድም ቀን «ለምን ሳልህ?» አላለችኝም። ያፈንሁ ቀን ግን «ለምን አልጠራኸኝም?» ትለኝ ነበር።

አሁን ጠዋት እዚያ ስፍራ ስደርስ አዘግማለሁ። የዘመዴን የክርስትና ስም እጠራለሁ። አንዳንድ ቀን ከስሙ በኋላ የሚከተል ቃል አይመጣልኝም፤ ዝም ብዬ እቆማለሁ። ለመኪናው እስካሁን «እንኳን ደስ ያለህ» አላልሁትም። ነገር ግን ስሙን እጠራለሁ፤ ሳሉም ሲመጣ እስላለሁ።