ለካውንስለሩ ጋቢ ስናለብስ

በለንደን አዳራሾች እንቁጣጣሽ ሲከበር ከክብር እንግዶቹ ወንበር የአካባቢው ካውንስለር አይጠፋም። አጭር ንግግር ያደርጋል፣ ዶሮ ወጥ ይቀርብለታል፣ ቡናው ይፈላል። በመጨረሻ የኮሚዩኒቲው ሊቀ መንበር ተነሥተው ጋቢ ያለብሱታል፤ ይጨበጨባል፣ ፎቶ ይነሣል። ክፋት የለውም፤ እንግዳን ባዶ እጁን መሸኘት ለእኛ ነውር ነው። ይሁን እንጂ ጋቢውን የለበሰው ሰው በሚቀጥለው ወር የአንዳችንን ምግብ ቤት የሌሊት ፈቃድ የሚያይ፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ወይም የመስጊዳችንን የሕንፃ ማመልከቻ በድምፁ የሚያሳልፍ ወይም የሚጥል፣ ለማኅበራችን የተጠየቀውን ድጎማ የሚመድብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከጭብጨባው ቀጥሎ አንድ ቃል እንልመድ፤ «እባክዎ መዝገብ ላይ ያስፍሩት» እንበል።

መዝገቡ በእርግጥም አለ። እንግሊዝ ውስጥ በ2011 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የወጣው ሎካሊዝም አክት እያንዳንዱ ካውንስል የተመራጮቹን የገንዘብ ጥቅም መዝግቦ እንዲይዝና በድረ ገጹ እንዲያወጣ ያስገድዳል። የተመረጠ ሰው በ28 ቀን ውስጥ ሥራውን፣ ለምርጫ ወጪው የረዳውን፣ ከካውንስሉ ጋር ያለውን ውል፣ በካውንስሉ ክልል ውስጥ ያለውን ቤትና መሬት ያስታውቃል። የትዳር አጋሩ ጥቅምም አብሮ ይቆጠራል። በቂ ምክንያት ሳይኖረው የደበቀ በወንጀል ይከሰሳል፤ ፍርድ ቤት እስከ አምስት ዓመት ከካውንስለርነት ሊያግደው ይችላል።

ስጦታን በተመለከተ ግን ሕጉ ላላ ይላል፤ ጉዳዩን ለየካውንስሉ የሥነ ምግባር ደንብ ትቶታል። ይህ የሕጉ ትልቅ ቀዳዳ ይመስለኛል። የአካባቢ መንግሥታት ማኅበር ካውንስሎች እንዲቀበሉት በ2020 ያቀረበው አርአያ ደንብ፣ ግምቱ 50 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሆነ ስጦታ ወይም ግብዣ በ28 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ካውንስለሩ «አይሆንም» ብሎ የመለሰው ከፍ ያለ ስጦታ እንኳ መመዝገብ አለበት። በእጅ የተፈተለ ጥሩ ጋቢ 50 ፓውንድን ማለፍ አይከብደውም። እንግዲያው የጋባዦቹ ድርሻ ቀላል ነው፤ ስጦታውን ስንሰጥ ማን እንደሰጠና ግምቱ ስንት እንደሆነ በአጭር ደብዳቤ አብረን እንስጥ። ካውንስለሩ ዋጋውን ለመጠየቅ አያፍርም፣ እኛም «ረስቶት ይሆናል» እያልን አንጨነቅም።

እዚሁ ደንብ ላይ ብዙዎቻችን የማናውቀው ጠንከር ያለ አንቀጽ አለ። ከካውንስሉ ፈቃድ ሊጠይቅ ወይም ከካውንስሉ ጋር ሊነግድ ከሚፈልግ ሰው የሚመጣ ስጦታ፣ ተጽዕኖ ለማድረግ ነው የሚል ተገቢ ጥርጣሬ የሚያስነሣ ከሆነ፣ ዋጋው ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን አይወሰድም። ማመልከቻ አስገብቶ ውሳኔ የሚጠብቅ ወገን እንግዲህ ጋቢውም ነጠላውም ይቅርበት። በዓሉን ያክብር፣ ካውንስለሩንም ይጥራ፤ ስጦታው ግን ለሌላ ዓመት ይቆይ።

«ለአንድ ጋቢ ይህ ሁሉ ወግ?» የሚል ሰው የዌስትሚኒስተርን ጉዳይ ያስታውስ። የዚያ ካውንስል ምክትል መሪ የነበሩት ሮበርት ዴቪስ የፕላን ኮሚቴውን ለ17 ዓመት መርተዋል። በ2018 መጀመሪያ ጋዜጠኞች መዝገባቸውን ገልጠው ቢቆጥሩ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ500 ጊዜ በላይ ግብዣና ስጦታ ተቀብለው ተገኙ። እራት ነበረበት፣ የቲያትር ትኬት ነበረበት፤ ከጋባዦቹም መካከል ሕንፃ አልሚዎች ነበሩበት። ልብ በሉ፤ ሰውየው አልደበቁም። ሁሉንም በየጊዜው አስመዝግበዋል፣ ግብዣው ውሳኔዬን አልነካውም ብለውም ተከራክረዋል። ካውንስሉ ያካሄደው ምርመራም ውሳኔዎቹ ሕገ ወጥ ነበሩ አላለም። የሥነ ምግባር ደንቡን ግን ጥሰዋል አለ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ከሥልጣን ለቀቁ።

እኔን የሚገርመኝ መዝገቡ ያን ሁሉ ዓመት ለማንም ክፍት ሆኖ መቆየቱ ነው። ጉዳዩ የአገር ወሬ የሆነው አንባቢ ሲመጣለት ነው። የጆን ፖልሰንን ቅሌት ከዚህ ጋር አስተያዩት። ፖልሰን ለካውንስል ሰዎች ገንዘብ እየከፈለ ሥራ የሚሰበስብ አርክቴክት ነበር፤ ጉዱ የተዘረገፈው በ1972 ኪሳራው ሲመረመር ነው። የኒውካስል ካውንስል መሪ የነበረው ቲ. ዳን ስሚዝ በ1974 ስድስት ዓመት ተፈረደበት። ያኔ እውነቱ እንዲወጣ የአንድ ሰው ንግድ መውደቅ ነበረበት፤ በዌስትሚኒስተር ግን መዝገብ ገልጦ መቁጠር በቃ።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ፤ ምክሩ የሚከብደው እዚህ ነውና። ሹም ዘንድ እጅ መንሻ ሳይዙ መቅረብ በአያቶቻችን ዘመን ድፍረት ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውንም ተረት ስናወራ ከወቀሳ ይልቅ ሳቅ ይቀድመናል። ይህን ልማድ ሳናውቀው ይዘነው ተሻግረናል። የሚታየውም በጋቢው ብቻ አይደለም። የእኛው ልጅ ካውንስለር ሆኖ ሲመረጥ ደስታችን ወሰን የለውም፤ ከዚያ የማኅበራችን የድጎማ ጥያቄ ለውይይት ይቀርባል። ልጁ የማኅበሩ ቦርድ አባል ነው እንበል። አርአያ ደንቡ ቦርድ ውስጥ መሆኑን እንዲያስመዘግብ፣ ጉዳዩ በቀጥታ ማኅበሩን የሚነካ ሲሆን ደግሞ ልዩ ፈቃድ ካልተሰጠው በቀር ከውይይቱና ከድምፁ ርቆ ከክፍሉ እንዲወጣ ያዛል። ልጁም ይወጣል። በማግሥቱ ታዲያ «መርጠነው ካደን» የሚል ስልክ ይደወልለታል።

እባካችሁ ያ ስልክ አይደወል። ወጣቱ እዚያ ተቀምጦ እጁን ቢያወጣ ኖሮ ድጎማው ነገ በቅሬታ ሊታገድ፣ የእሱም ስም ሊጠፋ፣ «እነዚህ ሰዎች እርስ በርስ ይሰጣጣሉ» የሚል ወሬ በሁላችንም ላይ ሊለጠፍ ይችል ነበር። በር ዘግቶ በመውጣቱ ጠበቀን። ሽማግሌዎች፣ ቄሶችና ሼኮች ይህን በአደባባይ ቢያመሰግኑለት ከማንኛውም ሥልጠና ይበልጣል።

መዝገቡን የምናነብ ሰዎችም ልክ ይኑረን። የካውንስለሩን ሥራና ቤት የምናየው በየካፌው ለማማት አይደለም። የጥቃት ወይም የማስፈራራት ስጋት ያለበት ተመራጭ ዝርዝሩ ለሕዝብ እንዳይወጣ ሕጉ ይፈቅድለታል፤ እንዲህ ያለ ባዶ ቦታ ስናይ «ምን ደብቆ ነው?» ብለን አንቸኩል። ግልጽ ያልሆነ ነገር ካገኘን ጥያቄያችንን በጽሑፍ ለካውንስሉ የመዝገብ ኃላፊ እንላክ። ፌስቡክ ላይ መለጠፍ የመጀመሪያው እርምጃ መሆን የለበትም።

ስለ አዲስ አበባ ሹሞች ሀብት በየሻዩ ጠረጴዛ አጥብቀን እንነጋገራለን፤ ልክም ነን። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ በ2010 የወጣው የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅም ተመራጮችን ይጨምራል። ግን ከአዲስ አበባ ግልጽነትን የምንጠይቅ ሰዎች የራሳችንን ሰፈር ካውንስለር ገጽ አንድ ቀን እንኳ ከፍተን የማናይ ከሆነ ጥያቄያችን ጉልበቱ ከየት ይመጣል?

በመጨረሻ ለመወዳደር ለምታስቡ። ቅጹን ከትዳር አጋራችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ሙሉት። ታክሲ መንዳትም ሥራ ነው፤ ይጻፍ። በካውንስሉ ክልል ያለው የምታከራዩት ቤት፣ በባለቤታችሁ ስም ቢሆንም ይጻፍ። አዲስ አበባ ያለው ቤት ከክልሉ ውጭ ስለሆነ አትገደዱም። የምትጠራጠሩበት ነገር ካለ ከስብሰባው በፊት የመዝገብ ኃላፊውን ጠይቁ፤ ለዚሁ የተቀመጠ ሰው ነው። የዘመድ ምግብ ቤት ፈቃድ በአጀንዳው ላይ ካያችሁ ደግሞ ለዘመዱ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ያን ቀን ድምፅ እንደማትሰጡ ከእናንተ አፍ ይስማ።