«ፒኤችፒ ነው የምትጽፈው?»

አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ፕሮግራመሮች ሲተዋወቁ ከስም ቀጥሎ የምትመጣው ጥያቄ «በምንድን ነው የምትሠራው?» የምትል ናት። ቀላል ትመስላለች። ግን «አገርህ የት ነው?» እንደምትለዋ ናት፤ መልሱ ሳይመጣ ሚዛኑ ተዘጋጅቷል። ጎ ወይም ረስት ያለ ሰው ይከበራል። ፓይተን ያለ ምንም አይባልም። ፒኤችፒ ያለ ግን መጀመሪያ ፈገግታ፣ ቀጥሎ «እንዴ፣ እስካሁን አለ?» የምትል ቀልድ ይጠብቀዋል።

የምሠራው ልደታ ነው፤ ከፍርድ ቤቱ ብዙ በማይርቅ ሕንጻ ውስጥ። ምሳ ሰዓት ላይ ሽሮ ቀርቦ አንድ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሳይሰደብ የተነሣንበት ቀን ትዝ አይለኝም። እኔም የምጠላቸው አሉኝ፤ መጥላቱንም የመተው ሐሳብ የለኝም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ዕቃን መጥላት የቱ ጋ አብቅቶ ሰውን መናቅ የቱ ጋ ይጀምራል?

መጀመሪያ ለጥላቻው ፍርድ እንስጠው፤ ምክንያት አለውና። በፒኤችፒ «የዚህን ጽሑፍ ርዝመት ቁጠርልኝ» የሚለውን መደበኛ ትእዛዝ ወስዳችሁ «ሰላም» የሚለውን ቃል ስጡት። ሦስት ፊደል ነው፤ መልሱ ግን 9 ይላችኋል። የሚቆጥረው ፊደሉን ሳይሆን ባይቱን ነው፤ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ ደግሞ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። አሁን አንድ ፕሮግራም ስምን 20 ላይ እንዲቆርጥ ታዟል እንበል። «ወልደገብርኤል» 8 ፊደል፣ 24 ባይት ነው። ስለዚህ «ወልደገብር» ይወጣና ከኋላው አንድ የተሰበረ ምልክት ይከተላል። ይህ ሰው ደረሰኙን ይዞ መስኮት ጋ ሲደርስ «መታወቂያህ ላይ ያለው ስም ሌላ ነው» ይባላል። ነገ ተመለስ፣ ማስረጃ አምጣ፣ ኃላፊው ወጥተዋል።

ጃቫስክሪፕትም የራሱ አለው። ብሬንዳን አይክ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1995 በአሥር ቀን ገደማ ነው የመጀመሪያውን የሠራው፤ ጥድፊያው እስከ ዛሬ ያስታውቃል። 100 ብርና 15 ብር እንደ ጽሑፍ ሆነው ከገቡና «ደምር» ካልከው 115 አይልህም፤ ያቀጣጥላቸውና 10015 ይልሃል። በዚህ የሚናደድ ፕሮግራመር ልክ ነው። ንዴቱ የሚመጣው ከኋላ ሒሳብ የሚከፍል ሰው ስላለ ነው።

ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር እንሞክር። ያንኑ «ሰላም» ለጎ ስጡትና በተለመደው ትእዛዝ ርዝመቱን ጠይቁት። 9 ይላችኋል። «ወልደገብርኤል»ን 20 ላይ ቁረጥ ብትሉት እሱም ያንኑ ስብርባሪ ይሰጣችኋል። ጎን ከፈጠሩት መካከል ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ ይገኛሉ፤ ዩቲኤፍ-8ን እ.ኤ.አ. በ1992 የነደፉትም እነዚሁ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ የሚያደርጉትን አውቀው ነው ያደረጉት። ፊደል በፊደል መቁጠሪያ መንገድም አበጅተዋል። ፒኤችፒም ፊደል በፊደል የሚቆጥሩ ትእዛዞች ካሉት ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ታዲያ በጎ 9 የማይስቅ ሰው በፒኤችፒ 9 ለምን ይስቃል? ቁጥሩ አንድ ነው። የተለየው የሚጽፈው ሰው ነው።

ፒኤችፒን ራስመስ ሌርዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1995 ለሕዝብ ሲለቅቀው ለራሱ ድረ ገጽ የሠራው መገልገያ ነበር። ርካሽ ሰርቨር ላይ ፋይሉን ትጭናለህ፣ ይሠራል፤ በቃ። ስለዚህ የቤት ኢንተርኔት የሌለው፣ በተዋሰው ላፕቶፕ የተማረ፣ ለሱቅና ለትምህርት ቤት ድረ ገጽ እየሠራ የቤት ኪራይ የከፈለ ልጅ ብዙ ጊዜ በዚህ በር ነው የገባው። በሌላ በር የገባው ደግሞ ይህን ያውቃል። «ፒኤችፒ ነው የምትጽፈው?» የምትለዋ ጥያቄ ውስጥ «የት ተማርክ?» እና «የማን ልጅ ነህ?» ተደብቀውባታል።

አንዲት የማውቃት ልጅ አራት ዓመት በፒኤችፒ ሠርታለች። አንድ ድርጅት ለሥራ ሲጠይቃት ይህን ተናገረች፤ ከጠያቂዎቹ አንዱ ሳቀ። ለሚቀጥለው ማመልከቻ አራቱን ዓመት ከሲቪዋ ላይ አጠፋችና በቅርቡ የተማረችውን ፓይተን ብቻ አስቀመጠች። ተቀጠረች። ግን በጀማሪ ደመወዝ፤ ወረቀቱ ላይ ልምድ የላትማ። «ታዲያ ምን ላድርግ?» አለችኝ፣ «ከምሳቅ ባንስ ይሻለኛል።» የምሳ ሰዓት ቀልዳችን ዋጋው ስንት እንደሆነ ያኔ በብር ተቆጠረልኝ።

ይህ ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ሸማውን ለብሶ ሸማኔውን የናቀ፣ በማረሻው አርሶ ቀጥቃጩን «ቡዳ» ያለ፣ በሸክላው በልቶ ሸክላ ሠሪዋን ያገለለ ሕዝብ ነው ያሳደገን። ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ስድቡን አላጠፋውም። ዛሬም ያው ነው፤ በፒኤችፒ ላይ የሚቀልደውን ሥዕል የምንለጥፍበት ፌስቡክ የተጀመረው በፒኤችፒ ነው። አማርኛው ዊኪፔዲያም የሚሠራው በፒኤችፒ በተጻፈ ሶፍትዌር ነው። ሸማው ሞቆናል፤ ሸማኔውን እንስቃለን።

«ቀልድ ነው ባክህ፣ አታክርረው» የሚል ይኖራል። ቀልድ ግን ሥራ ይሠራል። ኮቦል የሚባለው ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1959 ተነድፎ ባንኮችንና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ለዘመናት ተሸክሟል። ታላቁ የኮምፒውተር ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ በ1975 ኮቦልን ማስተማር እንደ ወንጀል ሊቆጠር ይገባል እስከ ማለት ደረሰ። ወጣቶችም ሸሹት። በ2020 ኮሮና ሲመጣ የአሜሪካዋ የኒው ጀርሲ ግዛት የሥራ አጥነት ድጎማ ሥርዓት በጥያቄ ብዛት ተጨናነቀ፤ አገረ ገዥው በአደባባይ ወጥተው ኮቦል የሚያውቅ በጎ ፈቃደኛ ፈለጉ። ለሥርዓቱ ማርጀት ሌላም ምክንያት አለው። ግን የተናቀን ሙያ የሚማር ሰው ይጠፋል፤ ሙያው በጠፋ ቀን ደግሞ መስኮት ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ደሃው ነው።

እንዲህ ስል «መጥፎ ዕቃ ይኑር» ማለቴ አይደለም። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ክስና ማመልከቻ የሚጽፉ ትንንሽ ቤቶች አሉ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፎንቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አቀማመጥ ነበራቸው። ከጸሐፊዎቹ አንዷን፣ እናቴን የሚያክሉ ሴት፣ ለምን አሁንም በድሮው ፎንት እንደሚጽፉ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ጉዱንማ ከኔ በላይ ማን ያውቃል?» አሉኝ። «ባለ ጉዳዩ በፍላሽ ይዞ ሄዶ ሌላ ቦታ ሲከፍተው የፈረንጅ ፊደል ሆኖበት ይመለሳል፤ የሚቆጣው ደግሞ እኔን ነው።» «ታዲያ እትዬ፣ ለምን አይቀይሩትም?» አልኩ። «የአሥራ ምናምን ዓመት ፋይሌን ማን ይቀይርልኛል? አንተ?»

ስለ አሮጌ ቴክኖሎጂ ከሰማኋቸው ትችቶች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። ጉድለቱን ያውቃሉ፤ የሚጎዳውን ሰው ያውቃሉ፤ የመቀየሪያውን ዋጋ ያውቃሉ። የምሳ ጠረጴዛችን ላይ ከሦስቱ አንዱ እንኳ ሲነሣ አይሰማም።

ስለዚህ ጥላቻን የምመዝንበት አንድ ጥያቄ ይዣለሁ። «ይሄ ቋንቋ ቆሻሻ ነው» ሲባል «ማንን ጎዳ?» እላለሁ። መልሱ «ስሙ የተቆረጠበትን ሰው» ወይም «ሒሳቡ የተበላሸበትን ደንበኛ» ከሆነ ጥላ፣ አጥብቀህ ጥላ፤ ከዚያ ቁጭ ብለን እናስተካክለው። መልሱ «በሱ የሚጽፉት እኮ...» ብሎ ከጀመረ ግን ወሬው ስለ ቋንቋው መሆኑ አብቅቷል።

ወልደገብርኤል ስሙ ሙሉ ሆኖ እንዲወጣለት የሚያስፈልገው አንድ ትእዛዝ መቀየር ነው። የቱ ፋይል ውስጥ፣ የቱ መስመር ላይ እንዳለ የሚያውቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያ «እስካሁን አለ?» ተብሎ የተሳቀበት ሰው ነው።