ለእንግዳው ወንዙን ማን ይንገረው?

«እንደ አገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ» ስንል አብዛኛውን ጊዜ ልባችን ያለው የመጀመሪያው ግማሽ ላይ ነው። ወደ ሰው አገር የሚሄድ ልጃችንን ስንሸኝም ሆነ የተዛወረ መምህር ስንመክር የምናነሣው አኗኗርን ነው፦ የሚበሉትን ብላ፣ ሲነሡ ተነሥ፣ ሲያዝኑ እዘን። ወንዙን ቤት ለመምታት ብቻ የገባ ይመስል እንዘለዋለን። እኔ ግን ወልቂጤንና ቡታጅራን ባሰብሁ ቁጥር ሁለተኛው ግማሽ ይከብድብኛል። አኗኗርን የሚያስተምረው ሰው ነው፤ ሰውን አይቶ መከተል ይቻላል። መሻገርን የሚወስነው ግን ወንዙ ነው፤ እዚያ ላይ የአገሬው ሰው ያደረገውን ሁሉ ማድረግ ያሰምጣል።

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ቡታጅራ በሌላው ወገን፣ ከዓለም ገና ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። በሁለቱ መካከል ዘቢዳርን የያዘው የጉራጌ የተራራ ሰንሰለት ተዘርግቷል። ብዙ ጊዜ አብረው ይጠሩ እንጂ ዛሬ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናቸው። እንግዳ አያጡም። በ2004 ዓ.ም. የተከፈተው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ከየክልሉ ተማሪ ያመጣል። በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን የጢያ ትክል ድንጋዮች ለማየት የሚመጣ ጎብኚም ወደ ቡታጅራ ይዘልቃል። ለመስቀልና ለዐረፋ ደግሞ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው የጉራጌ ልጅ ወደ አያቶቹ ቀዬ ይገባል። ምክር ከሁሉ የሚያስፈልገው ለዚህኛው ይመስለኛል፤ የባዕድ አገር ሰው ስላላወቀ ይጠይቃል፣ እሱ ግን «አገሬ ነው» ብሎ ሳይጠይቅ ይገባል።

የመጀመሪያውን ግማሽ ጉራጌ ራሱ በኑሮው ፈትኖታል። አዲስ አበባ ገብቶ ከሊስትሮና ከጉልት ተነሥቶ ሱቅ የከፈተው፣ የደንበኛውን ቋንቋ ተምሮ መርካቶ ላይ ስሙን የተከለው እንደ አገሩ እየኖረ ነው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ግን መስከረም ሲጠባ ወደ ቤቱ መመለሱን አልተወም፤ ሙስሊሙም ለዐረፋ እንዲሁ። ስለዚህ እንደ አገሩ መኖር ራስን መጣል ነው የሚለው ትርጓሜ በእነሱ ፊት አይቆምም።

እንግዳው ግን በተራው መጀመሪያ የሚፈተነው በማዕድ ላይ ነው። ክትፎው በጣባ፣ ከቆጮና ከአይብ ጋር ይቀርባል። ጋባዡ «ብላ እንጂ፣ በሞቴ!» ይላል። እንግዳው ጥሬ ሥጋ ለምዶ አያውቅም፣ ይፈራል። ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም፤ የኮሶ ትል የሚተላለፈው በደንብ ባልበሰለ የበሬ ሥጋ ነው፣ አያቶቻችን የኮሶ አበባ ይጠጡ የነበረውም ለዚሁ ነበር። ተረቱን በግማሹ ብቻ የያዘ ሰው «ያገሩ ነውና ዋጠው» ይለዋል። አገሬው ግን ለዚህ ጥንትም መላ አለው። ክትፎ ጥሬ ይበላል፣ ለብ ለብ ተደርጎ ይበላል፣ በስሎም ይበላል። ለብ ለብ ትሉን እንደማይገድል ልብ ይሏል፤ የሚፈራ ሰው ገና ሳይቀመም «ለእኔ በደንብ ይብሰልልኝ» ቢል ማንም አይቀየመውም። የሚያስቀይመው ከጣባው ጨርሶ እጅን መሰብሰብ ነው፤ ከቆጮው ቆረስ፣ ከአይቡ ቀመስ ማድረግ ግድ ይላል። ጋባዥ የእንግዳን የመጀመሪያ «ጠግቤያለሁ» ከይሉኝታ ስለሚቆጥረው ደግሞ ደጋግሞ ማመስገን ያስፈልጋል። ገጠር ወጣ ካሉ ቡናው በቅቤና በጨው ሊመጣ ይችላል። ስኳር ከመጠየቅ በፊት አንድ ሲኒ ይጠጣ እላለሁ።

ሥጋን ካነሣን፣ በእነዚህ ከተሞች ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ካቶሊኩና ፕሮቴስታንቱ በአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም በአንድ ዘመድ መካከል ይኖራሉ። የክርስቲያንና የሙስሊም እርድ የተለያየ ነው። ሥጋ ገዝቶ ለስጦታ ከመግባት በፊት የቤቱን ሃይማኖት ማወቅ ያስፈልጋል፤ ካላወቁ ፍራፍሬ ወይም ቡና ይዘው ይግቡ። ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴና በረመዳን ደግሞ የሚጾም ሰው አጠገብ እንዳሉ አይርሱ።

ጀፎሮ የብዙ እንግዳ መሰናክል ነው። በገጠሩ ቤቶቹ በሁለት ወገን ተሰልፈው መካከሉ ሰፊ ሣር ሆኖ ሲታይ ባዶ ቦታ ይመስላል። መኪና ያቆሙበታል፣ ቆሻሻ ይጥሉበታል። ጀፎሮ ግን መንገድም፣ የሸንጎ ቦታም፣ የሠርግና የለቅሶ ሜዳም ነው፤ ማንም አጥሮ የማይወስደው የጋራ ንብረት ነው። ለቅሶ ካጋጠመ ሙዚቃ ዘግቶ፣ ቀስ ብሎ ማለፍ፣ ቢቻል ወርዶ መቆም ደግ ነው። ፎቶግራፍም ሳያስፈቅዱ አይነሣም፤ እንሰት የሚፍቁ እናቶች የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ መነሣት የሚወዱ አይምሰልዎ።

አሁን ወደ ወንዙ ልምጣ። ወንዝ ስል መጀመሪያ እውነተኛውን ውሃ ነው። ከወልቂጤ ወዲያ የዋቤና የጊቤ ሸለቆ አለ። ክረምት ሲገባ እነዚህ ወንዞች ጠዋት የነበሩትን ማታ አይሆኑም፤ ፀሐይ ባለበት ቆመው ሳሉ ተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ ይደርሳል። በጊቤ ሸለቆ ጉማሬም አለ። አገሬው እንደ ዋዛ ሲሻገር የሚያየው እንግዳ ይከተለዋል። ያ ሰው ግን ከልጅነቱ ጀምሮ የትኛውን ድንጋይ እንደሚረግጥ ያውቃል። እንግዳው እግሩን አይቶ ድንጋዩን አላየም። የአገሬውን አካሄድ ሳይሆን የወንዙን ጠባይ ተከተል የሚለው የተረቱ ጥንቃቄ ነፍስ የሚያድነው እዚህ ላይ ነው። ከቡታጅራ በስተደቡብ፣ በስልጤ በኩል ያለው የአራ ሸይጣን የእሳተ ገሞራ ሐይቅም እንዲሁ ነው። ድንጋይ ወርውሮ ውሃው ዘንድ ለማድረስ መሞከር የጎብኚ ልማድ ሆኗል፤ ልጆቹ አፋፉ ላይ እንደልባቸው ይቆማሉ፣ እንግዳ ግን ወደ ኋላ ይበል። ወደ ጊቤ ቆላ የሚወርድ ሰው ደግሞ ለወባ አጎበር አይርሳ።

ሌሎች ወንዞችም አሉ፣ የማይታዩ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በወልቂጤ በጉራጌና በቀቤና ተወላጆች መካከል በተነሣው ግጭት ሕይወት ጠፍቷል፤ በመስቃንና በማረቆ መካከልም በተከታዩ ዓመት ደም ፈሷል። ይህ ቁስል ያለባቸውን ሰዎች «ዘርህ ምንድን ነው? ይህ መሬት የማን ነው?» ብሎ በባጃጅ ላይ መጠየቅ ወደማያውቁት ጥልቅ ውሃ መግባት ነው። በወልቂጤ ውሃ ራሱ እንዲህ ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. የመጠጥ ውሃ እጦታቸውን ለማሰማት ከወጡ ነዋሪዎች መካከል ሕይወታቸው ያለፈ ነበሩ። እንግዳ ሆኖ ለእጅ መታጠቢያ ውሃ ሲቀዳለት ይህን የሚያስታውስ ሰው ቶሎ «በቃኝ» ይላል እንጂ ውሃውን በከንቱ አያስፈስስም።

መንገዱም ወንዝ ነው። አገሬው በምሽት ሲሄድ አይተው አይሂዱ፤ በቀን፣ ያውም ጠዋት መናኸሪያ ደርሰው «መንገዱ ዛሬ እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ትናንት የሰሙት አይበቃም። ለመስቀል ሰሞን ሚኒባስ ሲጨናነቅና ዋጋ ሲጨምር ትርፍ ሰው ጭኖ ከሚሮጥ ተሽከርካሪ ይልቅ አንድ ቀን ቀድሞ መውጣት ይሻላል።

ተረቱ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ይህ ነው የሚያሳስበኝ። ሸክሙን ሁሉ በተሻጋሪው ላይ ይጥላል። ዳር የቆመውና ወንዙን የሚያውቀው ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት አይናገርም። እንግዳ ሳይጠይቅ ሊሻገር ሲል ዝም ብሎ ማየት፣ ባጃጅ ላይ ለፈረንጅና ለአዲስ ገቢ ተማሪ ዋጋ እጥፍ መጥራት፣ ልጆች «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ ሲከተሉ አለመገሠጽ፣ ይህን አገሬው ሊመልስለት ይገባል። የባጃጅ ታሪፍ በሁለቱም መናኸሪያዎች በር ላይ በትልቁ ይለጠፍ፤ ክረምት ሲገባ በየመሻገሪያው የውሃውን ልክ የሚያሳይ ምልክት ያለው እንጨት ይተከል፤ የዩኒቨርሲቲው አዲስ ተማሪዎችም በገቡ በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ወባ፣ ስለ ወንዞቹና ስለ ጀፎሮ የሚነግራቸው የአካባቢው ሽማግሌ ይጋበዝ።