አንድ ወለል፣ ሁለት ብሎን

በቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና አንድ አረጋዊ አናጢ ነበሩ። በ1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰሎሞን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከመጡት ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን አንዱ ናቸው። የኢንቴል የቺፕ ፋብሪካ ባለበት በዚያው ቀጠና፣ በጠባቧ ወርክሾፓቸው ሁለት ወጣቶች ሥራ ይለምዱ ነበር። ሁለቱም «ጋሼ» ይሏቸዋል።

አንድ በጋ የሰፈሩ አዛውንቶች ቡና የሚጠጡበት የእንጨት ወለል ግቢያቸው ውስጥ እንዲሠራላቸው ጠየቁ። ጋሼ ጣውላውንና ሞራሌውን፣ የብሎኑንም መግዣ እኩል አካፈሉና «ግራው ያንተ፣ ቀኙ ያንተ» አሉ።

የግራው ልጅ ጥቁሩን የጂብሰም ብሎን ገዛ። ጫፉ ስል ነው፣ ሳይበሱለት ይገባል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። እስከ ቀትር ጨረሰ።

የቀኙ ልጅ የማይዝገውን፣ 304 የሚባለውን መረጠ። ሥራው አሽቀሎን ባሕር ዳር ቢሆን ጨው የሚችለውን 316 ይገዛ ነበር፤ ቂርያት ጋት ግን ከባሕሩ ራቅ ትላለች። ጣውላው 25 ሚሊሜትር ስለሆነ ሞራሌውን በደንብ እንዲነክስ ባለ 60ውን ወሰደ። የማይዝግ ብረት ለስለስ ስለሚል በጠንካራ እንጨት ላይ በግድ ሲነዱት ይቆረጣል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ቀዳዳ አስቀድሞ በቀጭን መሰርሰሪያ በሳ። ጀምበር ስትጠልቅ ገና እየበሳ ነበር።

«ማን ያየዋል?» አለው ጓደኛው።

እውነትም ያን በጋ ማንም አላየውም።

በቤተ እስራኤላውያን በዓል በሲግድ ሰሞን ዝናብ ጣለ። እንጨት ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ የያዘው ብረት አብሮት መቻል አለበት። የጂብሰም ብሎን ግን ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው፤ የተሠራውም ለቤት ውስጥ ግድግዳ ነው። በግራው በኩል በየብሎኑ ራስ ዙሪያ ጥቁር እድፍ ወጣ። ብረት በእርጥበት ከእንጨት ታኒን ጋር ሲገናኝ እንዲህ ያጠቁራል። በተከታዩ በጋ ራሶቹ አንድ በአንድ ተበጠሱ፣ ጣውላው ተነሣ፤ አንዲት እናት ሲኒ እንደያዙ ተደናቅፈው ወደቁ።

ልጁ ካቻቢቴውን ይዞ ሮጠ። የሚፈታ ራስ የለም። የተቆረጠው ዘንግ ሞራሌው ውስጥ ቀርቷል፤ ጣውላውን በጉጠት ሲያነሳው ተሰነጠቀ።

«ጋሼ፣ ያኔ ለምን አልከለከሉኝም?» አላቸው።

«ገንዘቡን ስሰጥህ እኚህን እናት አደራ የሰጠሁህ መስሎኝ ነበር» አሉት። ቆይተውም «ስንት ተረፈህ?» ብለው ጠየቁት።

የተረፈው ለሁለት ጣውላ መግዣ አልበቃም። የቀረው ከደመወዙ ተቆረጠ፤ አዲሱንም ወለል ቀዳዳውን አንድ በአንድ እየበሳ፣ በማይዝገው ብሎን ያሰረው እሱ ራሱ ነው።