ተመልሶ የሚቆም ዒላማ

ዳሩ የተተረተረ፣ እህል ማበጠር የተወ አሮጌ ሰፌድ ደሴ አጠገብ ካለው ከኩታበር ወረዳ ቤቶች ጓዳ አይጠፋም። ሰፌድ በስንደዶና በአክርማ ከእምብርቱ ጀምሮ እየተጠመጠመ የሚሰፋ ነውና ክብ በክብ ላይ እየደረበ ይሄዳል፤ ሰፊዋ ቀለም ያገባችበት እንደሆነ ደግሞ ክቦቹ ከሩቅ ይለያሉ። ይህን ከግድግዳ ላይ በሚስማር ብንሰቅለው፣ ምንም ሳንደክም፣ ለልጆች የዒላማ ሰሌዳ አገኘን ማለት ነው። የሚወረወረው የጭቃ ድቡልቡል ነው። ጭቃው ከቀጠነ ገና በአየር ላይ ይበተናል፤ ከደረቀ ነጥሮ ይመለሳል። እንደ ዳቦ ሊጥ ለዘብ ያለው ግን ሰፌዱ ላይ ልጥፍ ይልና ያረፈበትን ቦታ ራሱ ይመሰክራል፤ “መትቻለሁ”፣ “አልመታህም” የሚለው ጭቅጭቅ ቢነሳ ማስረጃው ተለጥፎ ይታያል። ሰፌድ ካልተገኘም የቲማቲም ድልህና የዱቄት ወተት ጣሳ ደርድሮ በካልሲ ኳስ መጣል ይቻላል። ባዶ ሃይላንድ የቆመ እንደሆነ የደጋው ነፋስ ከልጆቹ ቀድሞ ስለሚጥለው እፍኝ አፈር ይጨመርበታል። ካልሲው በባቄላ ቢሞላ ክብደቱ ለእጅ ይመች ነበር፤ ነገር ግን ባቄላ የሚዘራበት አገር እናት በእህል መጫወትን በምን ዓይን እንደምታየው እናውቃለንና ጨርቅና ጥቂት አሸዋ ይበቃል።

ስለ አሠራሩ ይህን ያህል ካልን፣ ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባው ከዚያ በኋላ የሚሆነው ይመስለኛል። ልጆች ዒላማውን እንዳቆሙ ወዲያው መወርወር አይጀምሩም፤ አስቀድመው ይሟገታሉ። መስመሩ የት ይሰመር? ታናሽየዋ ሁለት እርምጃ ትቅረብ ወይስ ከሌሎቹ እኩል ትቁም? ጣሳው ተንገዳግዶ ባይወድቅስ ይቆጠራል? የኔዘርላንዱ የታሪክ ምሁር ዮሃን ሁይዚንጋ እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው “ሆሞ ሉደንስ” በተሰኘው መጽሐፉ ጨዋታን በፈቃድ የሚገባበት፣ የራሱ ቦታ፣ ጊዜና ሕግ ያለው ነገር አድርጎ ያየዋል። አስተያየቱ ትክክል ይመስላል፤ ሆኖም ሕጉን ማን ያወጣዋል የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ክብደት ያገኛል። ከሱቅ የሚገዛ መጫወቻ ሕጉን ከካርቶኑ ጋር ይዞ ይመጣል። ከጓዳ የተለቀመው ግን ጣሳውም ባለቤት አልባ፣ ሕጉም ባለቤት አልባ ነውና ሁለቱንም ልጆቹ ያቆሙታል። ለታናሽየዋ ሁለት እርምጃ የፈቀዱ ልጆች ስለ ፍትሕ ማንም ሳያስተምራቸው አንድ ብያኔ ሰጥተዋል። ከመወርወሩ ይልቅ ሙግቱ የጨዋታው ትልቁ ክፍል ሳይሆን አይቀርም፤ እኛ ግን “አትጨቃጨቁ” ብለን ብዙ ጊዜ እሱኑ እናቋርጥባቸዋለን።

ማነጣጠር ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም። በጉግስ ፈረሰኞቹ ዘንግ ሲወረውሩ ተባራሪው በጋሻ ይመክታል፤ ጥቂት ቆይቶ አባራሪው ተባራሪ ይሆናል። ፈረንሳዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ ማርሴል ግሪዮል የሐበሻን ጨዋታዎችና መዝናኛዎች ሰብስቦ በመጽሐፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1935 ነበር። በዚያው የፈረንጅ ዓመት ማብቂያ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶግራፍ ዓለምን ዞረ። አንዱ አውሮፓዊ የእኛን ልጆች ጨዋታ ሲመዘግብ ሌሎቹ ከተማችንን ዒላማ ማድረጋቸው ምናልባት የአጋጣሚ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ቢሆንም ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው አንድ ልዩነት ብቅ ይላል። በጉግስ የተወረወረበት ሰው ተራ አለው። በጣሳው ጨዋታም የወደቀው ተመልሶ ይቆማል፤ የሚያቆመውም አብዛኛውን ጊዜ የጣለው ራሱ ነው። ከሰማይ ቦምብ የሚጥል ግን የመታውን ሊያነሳ አይወርድም፤ የተመታውም ተራ የለውም። ሁለቱም ጋ ያው አንድ ዓይን ይጨፈናል፣ ያው ርቀት ይገመታል፤ ጨዋታውን ጨዋታ የሚያደርገው እንግዲህ ከክንዱ ይልቅ ከውርወራው በኋላ የሚመጣው ጎንበስ ብሎ ማንሳት ይሆን?

ይህ ጥያቄ በኩታበር ከሌላው ስፍራ ይልቅ ይከብዳል። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ይህን ወረዳ ነክቶ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ ዛሬ ጣሳ ከሚደረድሩት ልጆች አንዳንዶቹ በእናታቸው ጀርባ ላይ ነበሩ። መጫወቻውን ከቤት ዕቃ መሥራት ሲባልም እዚህ ከቁጠባ ያለፈ ምክንያት አለው። ጦርነት ባለፈበት መሬት ላይ ወድቆ የተገኘ ብረት፣ የሚያብለጨልጭ ቀለህ የሚመስል ነገር፣ ልጅን ይጠራል፤ ያልፈነዳ መሣሪያ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ልጆችን እየቀጠፈና አካል እያጎደለ መኖሩም የታወቀ ነው። ስለዚህ “ከሜዳ ያገኛችሁትን አትንኩ፣ አትወርውሩበትም” ማለት ግድ ነው። ብቻውን የሚነገር ክልከላ ግን ለልጅ እጅ የሚይዘው ነገር አይሰጥም። ጓዳ ውስጥ ማን እንደጨረሰው የምናውቀው የድልህ ጣሳ ሲኖር ክልከላው ምትክ ያገኛል። ጣሳው ከየት እንደመጣ መታወቁ፣ ዝም ብለን የምናልፈው ይህ ተራ ነገር፣ እዚህ ላይ የደኅንነት ግማሽ ነው።

ይህን ሁሉ ብለንም ጥርጣሬው አይለቅም። እውነተኛ ተኩስ የሰማች እናት ልጇ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያነጣጥር ስታይ ቢሰቀጥጣት ማን ይፈርድባታል? ጨዋታው የልጁን ፍርሃት ያስተነፍሳል የሚል አለ፤ ያየውን ያለማምደዋል የሚልም አይጠፋም። በበኩሌ ወደ ፊተኛው አዘነብላለሁ፤ የማዘነብለውም ማስረጃው በቅቶኝ ሳይሆን ክልከላው የሚያመጣውን ስለማየው ነው፦ ጣሳ የተከለከለ ልጅ መወርወሩን አይተውም፣ ድንጋዩን ወደ ወፏና ወደ ጎረቤት ውሻ ያዞረዋል። ወፏ ደግሞ ተመልሳ አትቆምም። ልጁ ጣሳውን ሲያይ ጣሳ ብቻ ይታየው እንደሆነ ግን ከውጭ ሆነን ማወቃችን ያጠራጥራል። ጠይቀን እናውጣጣው ከማለት ይልቅ፣ ቢፈቅዱልን፣ ገብተን ተራ መጠበቁ የተሻለ መንገድ ሳይሆን አይቀርም። ለትልቅ ሰው መስመሩን አርቀው ማስመራቸው አይቀርም፤ እዚያ ላይ መሟገት ደግሞ የእኛ ፈንታ ነው።