የኅዳር ነጥብ

በ2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ 30 ሳምንት ሙሉ ተካሂዶ ሻምፒዮኑን በነጥብ ብቻ መለየት አቃተው። ጅማ አባ ጅፋርና ቅዱስ ጊዮርጊስ እኩል ነጥብ ይዘው ጨረሱ፤ ዋንጫው ወደ ጅማ የሄደው በጎል ክፍያ ነው። ጅማ በዚያው ዓመት ወደ ሊጉ ያደገ አዲስ ገቢ ክለብ ነበር። ጊዮርጊስ ደግሞ ያለፉትን አራት ዋንጫዎች በተከታታይ አንስቶ አምስተኛውን ሊጨምር የተቃረበ። በመጨረሻው ቀን ጅማ አዳማ ከተማን 5 ለ 0 ረታ፤ ናይጄሪያዊው አጥቂ ኦኪኪ አፎላቢም ዓመቱን በ23 ጎል የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኖ ዘጋው።

በጉለሌ ይህ ወሬ ቶሎ አልበረደም። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ የተመሠረተ ክለብ ነው፤ ከሽሮ ሜዳና ከቀጨኔ ቁልቁል ሲወረድ የሚደረስበት የጎረቤት ልጅ። ስለዚህ በእኛ ሰፈር ፈረሰኞቹን መደገፍ ብዙ ጊዜ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው፤ ቡናማዎቹን፣ ኢትዮጵያ ቡናን፣ የሚደግፍም ከየቤቱ አይጠፋም። በዚያ ክረምት ሰው ሁሉ የሚያነሳው እነዚያን አምስት ጎሎች ነበር። አምስተኛው ባይገባስ? ጊዮርጊስ በዚያው ቀን ጥቂት ቢጨምርስ? ክርክሩ የመጨረሻዎቹን 90 ደቂቃዎች ይዞ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ከእነሱ ግን አይወጣም።

አንድ ቀን ሻይ ቤት ውስጥ ይኸው ሲነሳ፣ ስታዲየም መግባት የጀመሩት በወጣትነታቸው የሆነ አንድ የጊዮርጊስ ደጋፊ አዛውንት አብረውን ነበሩ። ብዙ ከሰሙ በኋላ፣ “እኔን የሚያንገበግበኝ በዓመቱ መጀመሪያ ባዶ ለባዶ የወጣንበት ጨዋታ ነው” አሉ። “ያን ቀን ማንም አላዘነም፤ አንድ ነጥብም ነጥብ ነው ብለን ወደ ቤታችን ሄድን።” አጠገባቸው የተቀመጠው ወጣት አልተዋጠለትም። “ጋሼ፣ እሱማ ተረስቷል እኮ። ዋንጫው የሄደው በመጨረሻው ቀን ነው።” እሳቸውም፣ “የመጨረሻውን ቀንማ ሁላችንም አየነው፤ እኔ የምልህ ስላላየነው ቀን ነው” አሉትና ሻያቸውን ጠጡ።

ይህ አነጋገር ከዚያ በኋላ አልለቀቀኝም። ተቀናቃኞች ተናንቀው በጨረሱበት ዓመት ውስጥ ወሳኙ ጨዋታ የቱ ነው? በደረጃ ሰንጠረዡ ላይ የኅዳር ነጥብና የሐምሌ ነጥብ አይለያዩም፤ ሁለቱም አንድ ናቸው። በጎል ክፍያ ሒሳብም እንዲሁ፤ በጥቅምት 4 ለ 0 እየተመራ ያለ ቡድን በ88ኛው ደቂቃ የሚያስቆጥረው፣ ተመልካቹ ወደ በሩ እየሄደ ጀርባውን ሰጥቶ የሚያልፈው ጎል፣ በመጨረሻው ቀን ከሚገባው ጎል እኩል ይመዘናል። አጥቂው ግን ያን ጎል ሲያገባ ምን እንዳደረገ አያውቅም። ተከላካዩም ተሸንፈናል ብሎ ሩጫውን ሲያቀዘቅዝ ምን እንዳጎደለ አያውቅም። የሚያውቁት ከስምንት ወር በኋላ ነው፤ ያውም ሰንጠረዡ ሁለት ስሞችን ጎን ለጎን ካቆመ ብቻ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ሊሞግተኝ ይችላል። ጅማና ጊዮርጊስ በአሥር ነጥብ ተለያይተው ቢሆን ኖሮ ያ የጥቅምት ጎል ከንቱ በሆነ ነበር፤ ስለዚህ ትርጉም የሰጠው መጨረሻው እንጂ ጎሉ ራሱ አይደለም ይለኛል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ሆኖም ክብደት መኖሩና ክብደት መታየቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይመስሉኛል። ሽሮ ሜዳ የሸማኔ ሰፈር ነው። ነጠላ ለመግዛት የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጥለቱን ነው፤ ቀለሙን ይመርጣል፣ ዋጋውንም በእሱ ይከራከራል። ሸማኔው ግን አብዛኛውን ቀኑን ያሳለፈው ማንም በማያደንቀው ነጩ ላይ ነው፤ እዚያ የላላ ማግ ካለ ጥለቱ የቱንም ያህል ቢያምር ነጠላው አይበረክትም። ተቀራርቦ ያለቀ የውድድር ዓመት የነጩን ጥንካሬ አይፈጥረውም፤ እንድናየው ያስገድደናል እንጂ።

አሜሪካውያን በሚወዱት በቤዝቦል እኩልነት ሲመጣ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. እስኪቀር ድረስ፣ ሌላ መንገድ ይዘው ኖረዋል። በ1951 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ጃይንትስና የብሩክሊን ዶጀርስ ከ154 ጨዋታ በኋላ እያንዳንዳቸው 96 ድል ይዘው እኩል ቆሙ። ጃይንትስ በኦገስት ወር ከ13 ጨዋታ በላይ ወደኋላ ቀርተው ነበር፤ ያንን ሁሉ አሳድደው ደረሱበት። ያኔ እስከ ሦስት የሚደርስ የመለያ ጨዋታ ተጨመረላቸው፤ በሦስተኛው ላይ ቦቢ ቶምሰን በመጨረሻው ዙር የመታው ኳስ ከአጥር በላይ አልፎ ጃይንትስን አሸናፊ አደረገ። ይህ መንገድ እኩል የሆኑትን ሰዎች አዲስ ቀን ይሰጣቸዋል። የእኛ ሊግ መንገድ ግን ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ያለፈውን መዝገብ ገልጦ፣ እስካሁን ምን ስታደርጉ ነበር ብሎ ይጠይቃል። የቶምሰን ምት ለዘመን የሚወራ መሆኑን አልክድም። ከሁለቱ የትኛው ፍትሐዊ ነው ብባል ግን ያለማመንታት የእኛን እመርጣለሁ፤ ዓመቱን ሙሉ የለፋ ሁሉ በልፋቱ የሚዳኝበት እሱ ነውና።

ይህን ካልኩ በኋላ 2012 ዓ.ም. ከፊቴ ይቆማል። ከዚያ በፊት የነበረው 2011 እጅግ የተናነቀ ዓመት ነበር፤ ፋሲል ከነማ፣ መቐለ 70 እንደርታና ሲዳማ ቡና ሦስቱም እስከ መጨረሻው ቀን ዋንጫውን አላጡም። ፋሲል በመሪነት ገብቶ ሽረ ላይ ነጥብ ጣለ፤ መቐለ ድሬዳዋን አሸንፎ ዋንጫውን አነሳ። አሰልጣኙ ገብረመድህን ኃይሌ ከአንድ ዓመት በፊት ጅማን ሻምፒዮን ያደረገው ያው ሰው ነበር። በ2012 ሊጉ ከግማሽ በላይ ከሄደ በኋላ ኮሮና መጣ፤ ውድድሩ በመጋቢት ቆመ፣ በኋላም ተሰረዘ። ሻምፒዮን የለም፣ ወራጅም የለም ተባለ።

የዚያ ዓመት የኅዳር ነጥቦች የት ሄዱ? ክብደት ቢታይም ባይታይም አለ ካልኩ ለዚህ መልስ መስጠት አለብኝ። ተጫዋቹ ሮጧል፤ ሩጫው ሐሰት አይደለም። ተመልካቹ ጮኋል፤ ጩኸቱም እንዲሁ። ነጥቡ ግን፣ ነጥብ ተብሎ የሚቆጠረው ነገር፣ ተነነ። እዚህ ላይ አስቀድሜ ያልኩትን ማስፋት ይኖርብኛል። ነጥብ የአንድ ቡድን የግል ንብረት አይደለም። ፋሲል በኅዳር ያገኘው ሦስት ነጥብ ዋጋ የሚኖረው የተቀሩት 15 ክለቦች ሁሉ እስከ መጨረሻው ሳምንት ሜዳ ለመግባት ቃላቸውን ስለሚጠብቁ ነው። ከመካከላቸው ዋንጫም የማያገኙ፣ የማይወርዱም፣ በመሃል የሚንሳፈፉ ክለቦች አሉ፤ እነሱ በሐምሌ ዝናብ ምንም በማይቀይርላቸው ጨዋታ ላይ ልባቸውን ባይሰጡ የመሪዎቹ ሰንጠረዥ ውሸት ይሆናል። የአንዱን ነጥብ ሌሎቹ ተሸክመውታል።

ዓለም ይህን በከባድ ዋጋ ተምሮታል፤ ዋጋውን የከፈለችውም አፍሪካዊት አገር ናት። በ1982 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1፣ ቺሊን 3 ለ 2 አሸንፋ የምድብ ጨዋታዋን ጨረሰች። በማግስቱ ሂኾን ከተማ ላይ ምዕራብ ጀርመንና ኦስትሪያ ተገናኙ፤ ጀርመን በጠባብ ውጤት ብታሸንፍ ሁለቱም እንደሚያልፉ ያውቁ ነበር። ጀርመን ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አንድ አገባች፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋታ የሚባል ነገር አልነበረም፣ ኳሷ ከእግር ወደ እግር ስትንሸራሸር ሰዓቱ አለቀ። አልጄሪያ ወደ ቤቷ ተመለሰች። የየምድቡ የመጨረሻ ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት እንዲጀመሩ የተደረገው ከዚያ በኋላ ነው። የአልጄሪያን ሁለት ድሎች ከንቱ ያደረጋቸው የራሷ ድክመት ሳይሆን የሌሎች ቃል ማጠፍ ነበር።

በእኛ ሊግ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ነገር ደረሰ። ከ2013 ጀምሮ መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲና ስሑል ሽረ በትግራይ ጦርነት ምክንያት ከሊጉ ጠፉ፤ የተመለሱት በ2017 ነው። በመሃል ፋሲል በ2013፣ ጊዮርጊስ በ2014 እና በ2015፣ ንግድ ባንክ በ2016 ዋንጫ አነሱ፤ ሁሉም በሚገባ ተጫውተው ያሸነፉ ናቸው፤ አንድም ነጥብ ልነጥቃቸው አልፈልግም። ነገር ግን የ2011 ሻምፒዮን ዋንጫውን የሚከላከልበት ሙሉ ዓመት ሳያገኝ ከሜዳ ወጣ፤ በኳስ የረታው የለም። ሰንጠረዡ ላይ የእነዚያ ዓመታት ቁጥሮች ሙሉ ናቸው፤ ሊጉን የሚወድ ሰው ግን ሲያነብባቸው የሦስት ክለቦችን ባዶ ቦታ አብሮ ማንበብ አለበት። በስታዲየም የሚጎድል ቡድን መጀመሪያ የጎደለው ከሕይወት ነበርና።

ዋንጫም ቢሆን ይዞ የሚያቆይ ኃይል የለውም። ጅማ አባ ጅፋር ያን የመሰለ ዓመት ካሳለፈ ከአራት ዓመት በኋላ በ2014 ከሊጉ ወረደ። በዚያው ዓመት ጊዮርጊስ ከፋሲል ጋር እስከ መጨረሻው ቀን ተያይዞ ሄዶ ያጣውን ዋንጫ መለሰ። በ2016 ደግሞ እንደ ጅማ ሁሉ በዚያው ዓመት ያደገው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ መቻልን በአንድ ነጥብ ቀድሞ ሻምፒዮን ሆነ። አንድ ነጥብ! ከ30 ጨዋታ ውስጥ መቻል አቻ የወጣበትን የትኛውንም አንስታችሁ ወደ ድል ብትቀይሩት ዋንጫው ወደ ጦሩ ክለብ ይዞራል። የመቻል ተጫዋች የትኛውን እንደሚመርጥ አላውቅም፤ የሚመርጠው ግን ቴሌቪዥን ደጋግሞ ካሳየው ጨዋታ ውስጥ ይሆናል ብዬ አልጠብቅም።

ወደ ጉለሌ ስመለስ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ሊጉ ከ2013 ጀምሮ በየተራ በተመረጡ ከተሞች፣ ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ድሬዳዋ፣ ባሕር ዳር፣ ጅማ እየተካሄደ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ጀመረ። የአዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ሲዘጋ፣ ከእንጦጦ ሥር ተነስቶ በታክሲ ወይም በእግሩ ወርዶ ጨዋታ ያይ የነበረ ሰው ክለቡን የሚያገኘው ሰፈሩ ባለው የኳስ ማሳያ ቤት ሆነ። በየማሳያ ቤቱ በር ላይ የዕለቱ ጨዋታዎች ተጽፈው ይሰቀላሉ። በኅዳር የሚጻፉት አርሰናል፣ ማንቸስተር፣ ሊቨርፑል ናቸው፤ የእኛ ሊግ ጨዋታ በዚያው ሰዓት ቢኖርም ስክሪን አያገኝም። በሐምሌ የአውሮፓ ሊጎች ተዘግተው ስክሪኑ ባዶ ሲሆን ያኔ የኢትዮጵያ ሊግ የመጨረሻ ቀን ይመጣና ቤቱ ይሞላል። ወጣቶቻችን የሊጉን መጨረሻ ብቻ ያዩት ለዚህ ነው፤ የጎል ክፍያው ከየት እንደመጣ ቢጠይቁ የሚነግራቸው የለም።

ባለ ማሳያ ቤቶቹን አልወቅስም፤ የሚከፍል ደንበኛ የሚፈልገውን ማሳየት ሥራቸው ነው። ይልቅ ሊጉን ለሚመሩት የምለው አለ። የኅዳር ጨዋታ ከሐምሌው እኩል የሚመዘን ከሆነ ዳኛው፣ ሜዳውና ሰዓቱ ከሐምሌው እኩል ሊታሰብባቸው ይገባል። ተስተካካይ ጨዋታዎች ተከማችተው ዓመቱ መጨረሻ ላይ ሲደረጉ፣ አንዱ ቡድን የሚያስፈልገውን ነጥብ አስቀድሞ አውቆ ይገባል፤ ሌላው በኅዳር ሳያውቅ የተጫወተውን እሱ በሰኔ አውቆ ይጫወተዋል። መርሐ ግብሩ በጊዜው ይከናወን፤ በየጊዜው የሚራዘምም ከሆነ ምክንያቱ ለደጋፊው ይነገር። ለሰፈሬ ሰው የምለው ደግሞ አጭር ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ባዶ ለባዶ የሚያልቅ የሚመስለውንም ቢሆን፣ የእኛን ጨዋታ ክፈቱልን ብለን ባለቤቱን እንጠይቅ፤ አሥር ሆነን ከጠየቅን ይከፍትልናል።