ገንዘብ ሲያልቅ

ጎንደር ከተማ፣ በአንድ ፍርድ ቤት ደጅ፣ ከአዘዞ የመጣች ባለጉዳይ አገኘሁ። ፍቺዋ ሳይፈጸም ከመቀነቷ የነበረው የጠበቃ ገንዘብ አልቆ፣ «ወንድሜ፣ ከቤታችን ድርሻዬን ትቼ በሰላም ልኑር» አለችኝ።

ወጣት ሆይ፣ ስለ ሰላም ብሎ መተው ደግነት ነው፤ ገንዘብ አጥቶ መተው ግን መረታት ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በፍቺ ጊዜ እኩል መብት አላቸው ሲል፣ ጠበቃ ላቆመ ብቻ ብሎ አልወሰነም። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ባለጉዳይ ራሱ ቀርቦ እንዲሟገት ይፈቅዳል።

ነገር ግን በገዛ አንደበቱ የሚሟገት ሰው ቂሙን ከደጅ ይተው፤ ዳኛ የሚመዝነው ማስረጃን ነውና። ቂም ነገር ያበዛል፤ እውነት አጭር ናት።

ይህን ነገርኋት፤ መቀነቷን አጥብቃ ወደ ችሎቱ ገባች።